ሰዓቴን ማን ያዘልኝ?

አባየ ደምበጫ ገበያ ወስዶ አንድ በረባሶ ሠሪ ፊት ሲያስቀምጠኝ ሰባት ዓመቴ ነበር። ሰውየው ያረጀ የጭነት መኪና ጎማ እየቀደደ ጫማ ይሠራል። «እስቲ እግሩን ልለካው» ብሎ ጎንበስ ሲል አባየ «እግሩን አይደለም ወንድሜ፣ እጁን ነው» አለው። ሰውየው ቀና ብሎ አየኝና ምንም ሳይጠይቅ መዳፌን ጎማው ላይ አስደገፈ። በከሰል ዙሪያውን አሰመረ፣ ቆረጠ፣ ከላይ ሁለት ጠፍር አበጀለት፤ አንዱ አራቱን ጣቶቼን፣ አንዱ አውራ ጣቴን ለብቻው የሚይዝ። አባየ ዋጋ ሲጠይቀው «የአንድ ጥንድ ጫማ ዋጋ ነው፤ ያው ጫማ ነውና» አለ። ያ ንግግሩ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።

ገና በሁለት ዓመቴ ትኩሳት ይዞኝ፣ ትኩሳቱ ሲለቀኝ እግሮቼም አብረው ከዱኝ። ጎረቤቱ «የልጅነት ልምሻ ነው» አለ፤ ዘግይተን የደረስንበት ሐኪም ቤትም ያንኑ በሌላ ስሙ ነገረን፤ ፖሊዮ። ከዚያ በኋላ ያደግሁት በእጄ ነው። በእጁ የሚሄድ ልጅ ዓለምን ከታች ያውቃታል። ከሰው ጋር ሲነጋገር የሚያየው ጉልበት ነው፤ ከውሻ ጋር ግን ዓይን ለዓይን ይገጥማል። ክረምት ሲገባ ቀዩ ጭቃ እስከ ክርኑ ይውጠዋል፤ በጋ ላይ ደግሞ ጎማው በፀሐይ ግሎ መዳፉን ይጠብሰዋል። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቁጭ ስል ሰው ሳንቲም ጭኔ ላይ ጣል አድርጎ ያልፋል። እማየ እያነሣች ትመልስላቸው ነበር፤ «ነዳይ አይደለም እኮ፣ ሊያስቀድስ ነው የመጣ» እያለች። ሰዎቹ ክፉዎች አልነበሩም። አንጀታቸውን በልቻቸው ነው።

ይህን ያነሣሁት ስለ አንዲት የዊልቸር ሯጭ ልጽፍ አስቤ ነው። ታቲያና ማክፋደን ትባላለች። ስለ እሷ ስጽፍ ከራሴ እጅ ካልጀመርሁ ግማሹን የደበቅሁ ይመስለኛል፤ እሷም እስከ ስድስት ዓመቷ የሄደችው በእጇ ነውና።

የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1989 ሌኒንግራድ ነው፤ ዛሬ ሴንት ፒተርስበርግ የምትባለው ከተማ። ስትወለድ ስፓይና ቢፊዳ ነበረባት፤ ልጅ በማኅፀን ሳለ የጀርባ አጥንቱ በደንብ ሳይገጥም የሚቀርበት ችግር ነው። ከወገቧ በታች ሽባ ሆነች። ወላጅ እናቷ ልታሳድጋት ስላልቻለች ሕፃናት ማሳደጊያ ገባች። ማሳደጊያው ለእሷ የሚሆን ዊልቸር አልነበረውም። ሌሎቹ ልጆች ሲሮጡ እሷም በእጇ እየሄደች ተከተለቻቸው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ።

ያኔ የአሜሪካ ጤና መሥሪያ ቤት ውስጥ በአካል ጉዳተኞች ጉዳይ ላይ ትሠራ የነበረች ዴቦራ ማክፋደን የምትባል ሴት ለሥራ ሩሲያ ሄዳ አየቻት። ዴቦራ ራሷ በወጣትነቷ ታምማ ዓመታትን በዊልቸር ያሳለፈች ናት። ልጅቷን ወስዳ ሜሪላንድ አሳደገቻት። ልጅቷ ደም ያነሳት፣ የከሳች ነበረችና ሐኪሞቹ ዕድሜዋ ያሠጋቸው ነበር። እናትየው ትጠንክር ብላ ስፖርት አስጀመረቻት። ዋና ሞከረች፣ የዊልቸር ቅርጫት ኳስ ሞከረች፤ መጨረሻ ላይ የውድድር ዊልቸር ላይ ወጣችና እዚያው ቀረች። ሰው ሊያግዛት ሲጠጋ በሩሲያኛ «ያ ሳማ» ትል እንደነበር ይነገራል። «እኔው ራሴ» ማለት ነው። ይህን ሳነብ ሣቄ መጣ፤ እኔም ልጅ ሆኜ ሊያዝሉኝ የመጡትን ሁሉ «ልቀቁኝ፣ እኔው!» እያልሁ እነክስ ነበር አሉ።

እ.ኤ.አ. በ2004 በአቴንስ ፓራሊምፒክ፣ በአካል ጉዳተኞች ኦሊምፒክ ማለት ነው፣ ተወዳደረች። 15 ዓመቷ ነበር። አንድ ብርና አንድ ነሐስ ይዛ ወደ ትምህርት ቤቷ ተመለሰች።

የእሷ ትምህርት ቤት ላይ ከመድረሴ በፊት ግን ስለ እኔው ልናገር።

እኔ በተማርሁበት ግቢ ውስጥ ትልቅ ዋንዛ ነበር። የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ መምህራችን «አንተ እዚያ ጥላው ሥር አረፍ በል» ይለኛል፤ በፍቅር ነው የሚለው። ልጆቹ ሹራባቸውን፣ ኮንጓቸውን፣ የኪሳቸውን ብይ ሳይቀር እኔ ዘንድ ጥለው ይሮጣሉ። ልብስ ጠባቂ ሆንሁ። ስድስተኛ ክፍል ላይ መምህሩ ሹመት ጨመረልኝ። የእጁን ካሲዮ ሰዓት ፈትቶ «ከዛሬ ጀምሮ ሰዓት ያዥ አንተ ነህ» አለኝ። ልጆቹ ተራ በተራ ከዋንዛው ተነሥተው ማዶ ያለችውን ነጭ ድንጋይ ነክተው ይመለሳሉ። ሲነሡ ቁልፏን እጫናለሁ፣ ሲመለሱ ደግሜ እጫናለሁ። የደብተሬ የኋላ ገጽ በአርባ ምናምን ልጅ ስምና ሰዓት ተሞላ። የማን እግር በየትኛው ወር እንደ ፈጠነ፣ ማን ቁርስ ሳይበላ እንደ መጣ ከመምህሩ ይልቅ እኔ አውቅ ነበር።

አንድ ቀን ሁሉም ክፍል ሲገቡ እኔ ወደ ኋላ ቀረሁ። ሰዓቷን በማሰሪያዋ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ቁልፏን ተጫንሁና በበረባሶዎቼ ተነሣሁ። ድንጋዩን ነክቼ ስመለስ ሰዓቷ ደረቴ ላይ እየተንገላወደች አቧራ ጠግባ ነበር። ጠርጌ አየኋት፤ 3 ደቂቃ ከ41 ሴኮንድ። ልጽፈው ደብተሬን ገለጥሁ። የምጽፍበት ቦታ አጣሁ። ዝርዝሩ ላይ የእኔ ስም የለም፤ ዝርዝሩን የጻፍሁት ደግሞ እኔው ነኝ።

የሴሚስተሩ ካርድ ሲመጣ ሰውነት ማጎልመሻ 70 ይላል። ለልጁ ታዝኖለት የተሰጠች 70።

ታቲያና ከአቴንስ ስትመለስ የትምህርት ቤቷ የሩጫ ቡድን ውስጥ ልግባ አለች። ሁለት የፓራሊምፒክ ሜዳልያ አላት፤ ቡድኑ ግን እንደ ማንኛዋም ተማሪ ሊቀበላት አመነታ። መጨረሻ ላይ ሩጪ ተባለች፤ ለብቻሽ። የሌሎቹ ልጆች ውድድር ቆሞ፣ መሙ ባዶ ሆኖ፣ እሷ አንዷ ብቻዋን ትዞራለች። ተመልካቹ ያጨበጭባል። አብሯት የሚሮጥ ግን የለም። እስቲ አስቡት። አንድ ሰው ብቻውን ሮጦ አንደኛ ወጣ ይባላል? መጨረሻስ ወጣ ይባላል?

እናትና ልጅ ክስ መሠረቱ። ስለዚህ ጉዳይ ያነበብሁት ሁሉ ላይ ደግሜ ደጋግሜ የምመለስባት ነገር ገንዘብ አለመጠየቃቸው ናት። የሞራል ካሣ አላሉም። የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ ሌሎቹ ሲሮጡ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው መም ላይ ልሩጥ። እ.ኤ.አ. በ2006 የፌዴራሉ ዳኛ ፈረዱላት። ያም ሆኖ ሜዳ ላይ ስትወጣ የጮኹባት ነበሩ፤ ሌሎቹን ታደናቅፋለች፣ አደጋ ታመጣለች ተባለ። ሜዳልያ ያመጣችውን ልጅ። እሷ ግን ሮጠች። እ.ኤ.አ. በ2008 የሜሪላንድ ግዛት አካል ጉዳተኛ ተማሪዎች በትምህርት ቤት ስፖርት የመሳተፍ መብት እንዲኖራቸው ሕግ አወጣ። ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ የአገሪቱ ትምህርት ሚኒስቴር ለሁሉም ትምህርት ቤቶች መመሪያ ላከ።

ይህንን ከሜዳልያዎቿ ሁሉ አስበልጬ ነው የማየው። ሰው በክፋት ሲከለክልህ ትታገለዋለህ። በአዘኔታ «አረፍ በል» ሲልህ ግን ምን ትለዋለህ? እኔ መምህሬን እወደው ነበር፤ ዛሬም እወደዋለሁ። ጥላው ሥር ያስቀመጠኝ እንዳልደክም ብሎ ነው። ደክሞኝ አያውቅም ነበር፤ ሰልችቶኝ ነበር እንጂ።

ስለ ዊልቸሩም ልናገር፤ እዚህ አገር ብዙ ሰው የሚያውቀው ሐኪም ቤት በር ላይ የሚቆመውን ነውና። የውድድሩ ዊልቸር ከዚያ ጋር በስም እንጂ በመልክ አይገናኝም። ሦስት ጎማ አለው፤ ሁለት ትልልቅ ከኋላ፣ አንድ ትንሽ ከፊት ራቅ ብላ። የኋላዎቹ ከላይ ወደ ውስጥ ያዘነበሉ ናቸው፤ ከታች ሰፋ ብለው ስለሚቆሙ ኩርባ ላይ አይገለብጡም። ብዙዎቹ አትሌቶች ተንበርክከው፣ ደረታቸውን ወደ ጉልበታቸው ጥለው ነው የሚነዱት። የሚገፉት ጎማውን ሳይሆን ጎማው ላይ የተገጠመ አነስ ያለ ቀለበት ነው። ቀለበቱ ማነሱ እንደ ብስክሌት ከባድ ማርሽ ነው፤ ለመነሣት ያስጨንቃል፣ ከተነሡ በኋላ ግን በአንድ ግፊት ብዙ መንገድ ይሄዳል። መሙ ላይ ኩርባ ሲደርሱ ፊት ለፊታቸው ያለችውን ዘንግ በእጃቸው መታ ያደርጓታል፤ የፊቷ ጎማ አስቀድሞ በተለካላት ልክ ትታጠፋለች። ቀጥታው ሲመጣ በሌላ ምት ትመለሳለች።

ዓይኔን የያዘው ግን እጃቸው ነው። ቀለበቱን አይጨብጡትም። የታቲያናን ውድድር መጀመሪያ ያየሁት ደብረ ማርቆስ ሆኜ፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ በስልክ ነው፤ ምስሉ በቆመ ቁጥር እጇን አጉልቼ አየሁት። ጠንካራ ጓንት ለብሳለች፤ ጣቶቿ ተጣጥፈው ቡጢ ሆነዋል። ቡጢው ቀለበቱን ከላይ ይመታዋል፣ እስከ ታች ድረስ ተጭኖ ይወርዳል፣ ከዚያ ይለቅቀዋል፤ ክርኗ ወደ ኋላ ወደ ሰማይ ይወጣል። ከጨበጥኸው ትዘገያለህ። መትተህ መልቀቅ ነው። ይህን ማንም ሳያስረዳኝ አወቅሁት፤ በበረባሶም እንደዚያው ነበራ! መሬትን ሙጥኝ ካልህ እጅህ ይላጣል፤ በመዳፍህ ተረከዝ መትተህ ሰውነትህን ወደ ፊት ወርውረህ ትለቃለህ። የእኔ በረባሶዎች ሁልጊዜ የሚያልቁት በውጪው ጠርዝ በኩል ነበር፣ የግራው ከቀኙ ቀድሞ።

ታቲያና የምትወዳደርበት ምድብ ቲ54 ይባላል፤ እግራቸው የማይታዘዝላቸው፣ ሆድና ጀርባቸው ግን የሚያግዛቸው አትሌቶች ምድብ ነው። በዚህ ምድብ ከ100 ሜትር እስከ ማራቶን ሮጣለች። አጭር ርቀትና ማራቶን በአንድ ሰው ላይ! በእግር ሩጫ የማይታሰብ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ላይ ሦስት ወርቅ፣ በ2016 ሪዮ ላይ አራት ወርቅ አገኘች። በመካከሉ በ2013 ሊዮን በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ከ100 እስከ 5,000 ሜትር ያሉትን ስድስቱንም ርቀት አሸነፈች። በዚያው ዓመት ቦስተንን፣ ለንደንን፣ ቺካጎንና ኒውዮርክን አከታትላ ስታሸንፍ አራቱን ታላላቅ ማራቶኖች በአንድ ዓመት ያሸነፈ የመጀመሪያዋ ሰው ሆነች። የዚያ ዓመት ቦስተን ቦምብ የፈነዳበት ነው። እሷ ባሸነፈች በስድስተኛው ቀን፣ በ24ኛ የልደት ቀኗ፣ ለንደንንም አሸነፈች።

በ2014 ደግሞ በክረምት ፓራሊምፒክ ልወዳደር ብላ በተቀመጡበት የሚነዳ የበረዶ መንሸራተቻ ተማረች፤ ውድድሩ ሩሲያ ውስጥ፣ ሶቺ ከተማ ስለነበር ነው፤ ሩሲያ የተወለደችበት አገር ናት። በ1 ኪሎ ሜትር ብር አገኘች። ወርቁን ያጣችው በ0.1 ሴኮንድ ነው። ተመልካቹ መካከል አሳዳጊ እናቷም ወላጅ እናቷም ነበሩ። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ልቤ የሚሄደው ወደዚያች ወላጅ እናት ነው። ልጇን ልታሳድግ ያልቻለች እናት ምን ብላ ተቀመጠች ይሆን? በሕፃንነቷ የተለየቻት ልጅ በ0.1 ሴኮንድ ስትቀደም ስታይ?

ፍጥነቱን ለማሰብ የስዊዘርላንዱ ማርሴል ሁግ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2021 ጃፓን ኦይታ ላይ ማራቶንን በ1 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ከ47 ሴኮንድ ጨርሷል። ምርጦቹ የእግር ሯጮች ሁለት ሰዓት ገደማ የሚፈጅባቸውን 42 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ቁልቁለት ላይ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራሉ፤ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደውን መንገድ በመኪና ያለፈ ሰው ፍሬኑን ይዞ ያስበው። ሜዳ ላይ ደግሞ ንፋስ አለ። የፊተኛው ንፋሱን ይሰነጥቃል፣ የኋላው ተጠግቶ ያርፋል፤ ስለዚህ እንደ ብስክሌት ውድድር መቼ እንደሚደበቁና መቼ እንደሚወጡ ማወቅ ግማሹ ሥራ ነው።

ይህ ሁሉ የተጀመረው ግን በአንድ ሰው ጥያቄ ነው ብል ብዙም አልተሳሳትሁም። ቦብ ሆል ይባላል። እንደ እኔው በልጅነቱ ፖሊዮ የያዘው አሜሪካዊ። እ.ኤ.አ. በ1975 የቦስተን ማራቶንን በዊልቸር ልሩጥ ብሎ ጠየቀ። አዘጋጁ በ3 ሰዓት ውስጥ ከገባህ እንደማንኛውም ሯጭ የምስክር ወረቀት እሰጥሃለሁ አሉት። በ2 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ገባ። አዘጋጁ ያሉትን ልብ በሉ፤ «አይዞህ» አላሉትም፣ «ጎበዝ» አላሉትም። ሰዓት ቆረጡለት። ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ ክብር የለም። ዛሬ የለንደን ማራቶን ከ2024 ጀምሮ በዊልቸር ለሚያሸንፈውና በእግር ለሚያሸንፈው እኩል ሽልማት ይከፍላል፤ እዚያ የተደረሰው ሰዓታቸው ስለተያዘላቸው ነው።

የእኛ አገርስ? በፓራሊምፒክ ሜዳልያ አለን። ወንድዬ ፍቅሬ በ2012 ለንደን ላይ ብር አመጣ፣ የመጀመሪያችን ነበር። በሪዮ ታምሩ ደምሴ ብር፤ በቶኪዮ ትዕግስት ገዛኸኝ የመጀመሪያውን ወርቅ፤ በፓሪስ እሷው ደግማ ወርቅ፣ ያየሽ ጌቴ ወርቅ፣ ይታያል ስለሺ ብር። ሁሉም በ1,500 ሜትር ነው፤ ሁሉም ማየት የሚቸግራቸው ወይም ክንዳቸው የተጎዳ፣ በእግራቸው የሚሮጡ ናቸው። እኮራባቸዋለሁ። በዊልቸር የመጣ ግን የለም። የውድድር ዊልቸር በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣል፤ ለአንድ ሰው ሰውነት ተለክቶ ስለሚሠራ በውሰት አይሆንም፤ ጎማው ሲበሳ የሚቀየርበት ሱቅ ባሕር ዳርም የለም። ቢሆንም ባሕር ዳርን ሳስብ ይቆጨኛል። ሜዳ ነው፣ አስፋልቱ ሰፊ ነው፣ ሕዝቡ ብስክሌት ያውቃል። ማለዳ በዘንባባዎቹ መካከል ሰው ሲሮጥ አያለሁ። ክንዱ የበረታ፣ እግሩ የማይታዘዝ የጎጃም ልጅ ስንት አለ? እኔ ብቻ በዓይኔ የማውቃቸው ከደርዘን ይበልጣሉ፤ ዓመቱን ሙሉ በክንዳቸው ሰውነታቸውን ተሸክመው የሚውሉ። ስልጠናውንስ ከልጅነታቸው ጀምረውታል።

እኔ በ14 ዓመቴ የእግር መደገፊያ ብረትና ክራንች አገኘሁ፤ ቆምሁ። አሁን ፍኖተ ሰላም ነው የምኖር። አምና ልጄ የምትማርበት ትምህርት ቤት የስፖርት ቀን አድርጎ ወላጆች ተጠርተን ሄድን። የ100 ሜትሩ ተራ ሲደርስ ከሌሎቹ ልጆች ጋር አንድ ዊልቸር ላይ ያለ ልጅ መስመሩ ላይ ቆመ። የአሥራ አንድ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ይሆናል። ዊልቸሩ ከባድ የብረት ዕቃ ነው፤ የፊቶቹ ትንንሽ ጎማዎች ሣሩ ውስጥ ይሰምጣሉ። መምህሩ ግን አላስወጣውም። ፊሽካው ሲነፋ አብሮ ተነሣ።

ሌሎቹ ገብተው አልቀው ውኃ ሲጠጡ እሱ ግማሽ ላይ ነበር። ሜዳው ሁሉ ቆሞ አጨበጨበ። እናቶች እልል አሉ፤ አጠገቤ የነበሩ አንዲት እመት በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ልጁ ወደ ማንም አላየም። የፊት ጎማው በተያዘ ቁጥር ትንሽ ወደ ኋላ ይልና በአንድ ምት ያወጣዋል፤ ሣሩን እንዴት እንደሚያልፈው አስቀድሞ ያሰበበት ይመስላል። መስመሩን ሲያልፍ ቀጥ ብሎ መምህሩ ዘንድ ሄደ።

«ቲቸር፣ የእኔስ ስንት ሆነ?»

መምህሩ እጁ ላይ ያለውን ሰዓት አየ። አንደኛ የወጣው ልጅ ሲገባ ነበር ያቆመው። ወዲያው መልስ አልሰጠውም፤ ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። ልጁ ጠበቀ። ጭብጨባው ገና አላለቀም።

ክራንቼን ይዤ ተነሣሁ። «እኔ እይዝልሃለሁ» አልሁት። ቀና ብሎ አየኝ፤ ክራንቼን አየ፣ እጄን አየ። «እንደገና ልሩጥ?» አለ። «ካልደከመህ።» «አልደከመኝም» አለና ዊልቸሩን አዞረው።

ስልኬን አውጥቼ መጨረሻው መስመር ላይ ቆምሁ። ሜዳው ላይ የቀረ ሰው ጥቂት ነው፤ ሌላ ውድድር ሊጀመር ልጆቹ ወደ ማዶ ሄደዋል። የሚያጨበጭብም አልነበረም። መምህሩ ፊሽካውን ነፋ፣ እኔ ተጫንሁ። ሲደርስ ደረቱ ከጉልበቱ ጋር ሊገጥም ነበር፤ ማንም ያላሳየውን። 58 ሴኮንድ ከ3።

«58 ከ3» አለ ለራሱ። መምህሩ የስም ዝርዝሩን ከኪሱ አወጣ፣ በእስክሪብቶ ፈልጎ ስሙን አገኘው፣ ከጎኑ ጻፈው።